የጋሽ ፍሬን ቀኝ እግር

ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ይህን የማነብላችሁ እኔ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ መጠየቅ የማይታክተኝ ሰው በመሆኔ፣ ከዜና ሕይወታቸው መካከል የራሴ ጥያቄ ብቅ ቢል ይቅር በሉኝ።

ወንድማችን ከጭነት መኪና ሾፌር አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ የአባታችን መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል ገብቶ አባታችን ሞቱ። እናታችን የሰው ሕይወት በእግዚአብሔር እጅ ናት እያሉ ሲጽናኑ፣ ወንድማችን ግን እንዲያ ከሆነ ፍሬን ለምን ተሠራ ብለው መጠየቃቸውን እናታችን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያነሱት ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ የመኪና ጥገና ተምረው፣ በአንድ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ሠላሳ አንድ ዓመት በአስተማሪነት አገለገሉ። የማሠልጠኛው መኪና በአስተማሪው ወንበር በኩልም ሁለተኛ ፍሬን ያለው በመሆኑ፣ ቀኝ እግራቸውን ከእሱ ላይ ሳያነሡ፣ ሰውም አጥርም ሳያስነኩ ዘመናቸውን ስለ ፈጸሙ፣ ተማሪዎቻቸው ጋሽ ፍሬን ብለው ሰየሟቸው። ሁለት ጊዜ ፈተና የወደቁት ነርስ ተማሪያቸው ባለቤታቸው ሆኑ፤ ማስተማሩ ቢያቅታቸው አገቡኝ እያሉም ይቀልዱባቸው ነበር።

ከዚህ ጋብቻ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። መንዳት ሊያስተምሯት ሁለት ጊዜ ይዘዋት ወጥተው ሁለቱንም ጊዜ ተኮራርፈው ስለ ተመለሱ፣ ልጅቱ በሌላ አስተማሪ ተምራ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ አባቷ ግን እሷ በምትነዳው መኪና ላለመግባት የማይፈጥሩት ሰበብ አልነበረም። አባቴ አያምነኝም ብላ ብዙ አዝናለች።

በአርባ ሦስት ዓመታቸው ሕይወታቸውን ለጌታ ሰጥተው፣ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ሲያገለግሉ ጸሎታቸው ሁልጊዜ ጌታ ሆይ መሪውን አንተ ያዝ የሚል ነበር። ነገር ግን፣ ሐቁን ልናገርና፣ በታክሲም ሆነ በቤተ ክርስቲያኑ ሚኒባስ ከሾፌሩ አጠገብ በተቀመጡ ቁጥር ፍሬን የሌለበትን ወለል ሲረግጡ እመለከት ነበር፤ የሚኒባሱ ምንጣፍ እንኳ በዚያ በኩል ተበስቶ ቀረ። እኔም አይቶ ማለፍ አይሆንልኝምና፣ ጋሼ፣ አፍዎስ መሪውን ለጌታ ሰጥቷል፣ እግርዎ መቼ ነው የሚያምነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። ነገሩ ግን ለእሳቸው ቀልድ አልነበረም፤ አንድ ቀን በጉባኤ ፊት፣ ሰጥቼ መልሼ የምወስድ ሰው ነኝና ጸልዩልኝ ብለው አልቅሰዋል። እኔም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያችን እግር ስጠባበቅ ኖርሁ።

ባለፈው ዓመት ጉበታቸው ላይ ዕጢ በተገኘ ጊዜ፣ ሐኪሙን ስንት ዓመት እንደ ሠሩ፣ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ሳይቀር ጠየቋቸው፤ ሐኪሙም ሁሉን ታግሠው ከመለሱ በኋላ፣ ከዚህ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቀውም አሏቸው። ቀዶ ሕክምናው በተቀጠረበት ጠዋት ወንድማችን ልጄ ትውሰደኝ ሲሉ ሁላችንም ክው አልን።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ ዓይኔን ከእግራቸው ላይ አልነቀልሁም። ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው ቁልቁለት አንድ የጭነት መኪና ከመገንጠያው ድንገት ብቅ ሲል፣ ልጅቱ ራሷ ፍሬን ያዘች፤ የእሳቸው እግር እንደ ተዘረጋ ነበር። ተኝተው ይሆን ብዬ ጎንበስ ብል ዓይናቸው ተከፍቷል፤ የምፈልገው ገብቷቸው ኖሮ፣ «እግሬ ደክሞ አይደለም፤ የመሪው ባለቤት አለ ብዬ ነው» አሉኝ። ወደ ልጃቸውም ዞረው «ጥሩ ትነጃለሽ» አሏት። እሷም እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ነዳች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆይተው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደ ያዙ፣ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው አረፉ።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ጠያቂ ወንድማቸውንና በየመንገዱ የሚያሽከረክሩ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ አስከሬናቸውን የያዘውን መኪና የነዳችው ልጃቸው ናት፤ እኔም ከአጠገቧ ተቀምጬ መጣሁ። ያንኑ ቁልቁለት ስንወርድ ወደ ታች ባይ፣ ወለሉን አጥብቃ የረገጠችው የእኔ እግር ኖራለች። ወንድሜን አሳምኖ የወሰደ አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለእኔም ጸልዩልኝ። አሜን።