ማር ቆራጮቹ የተዉት ችቦ

አባቴ በቅስና የሚያገለግሉበት ተራራ መቃጠሉን የሰማሁት ከድንበሩ ማዶ፣ ከባሱንዳ ወደ ገዳሪፍ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከመተማ በላይ ካለው ከዚያው ተራራችን የመጣ የቀን ሠራተኛ ከኋላዬ ለጓደኛው ያወራል።

«መስኮቱን ዝጋው፣ የመኪና ጭስ ገባ።»

«ዘግተን እንቀቀል? ደግሞ ይኼ ጭስ ነው? የእኛን ተራራ ብታይ!»

«ማን ለኮሰው?»

«ማር ቆራጮች ናቸዋ። ንቡን በችቦ አጭሰው፣ ችቦውን ሳያጠፉ ወረዱ።»

«ማሩ ይጣፍጣቸው!»

«ሰዉ ሁሉ እርጥብ ቅጠል ይዞ ቢቀጠቅጠው ነፋሱ አስቸገረ። የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ተያያዘ።»

«ኧረ ታቦቱስ?»

«ሽማግሌው ቄስ ሊያወጡ ገቡ።»

«ወጡ?»

«መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ሆነ፣ እኔም መጣሁ።»

«አይ አንተ!»

ማተቤን እንደጨበጥሁ ከሚኒባሱ ወረድሁ፤ እዚያ ተራራው ላይ የነበራችሁ ሰዎች፣ አባቴ ሲወጡ ያያችሁ ካላችሁ ስለ እግዚአብሔር ወሬያቸውን ላኩልኝ።