ከምስክርነቱ በኋላ

የልቤ ምት እየተዛባ፣ አንዴ ሲሮጥ አንዴ ቀጥ ሲል ከርሞ፣ ሐኪም ባዘዘልኝ መድኃኒት ተስተካከለ። ደስታዬ ልክ አጣና እሁድ ቸርች መድረክ ላይ ወጥቼ "ተፈውሻለሁ!" ብዬ መሰከርኩ። እልልታው ቀለጠ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እግሬ ይከብደኛል፣ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ያለ ምክንያት ሆዴ ይባባና እንባዬ ይቀድመኛል። ለማን ልንገር? በጉባኤ ፊት የመሰከረ ሰው መልሶ "አመመኝ" ይላል እንዴ?

አንድ ጠዋት ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ጂንካ ሆስፒታል ወረፋ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ትኩር ብለው አዩኝና "አንተ፣ ያን እሁድ የመሰከርከው ልጅ አይደለህም? ልጄን ልጠይቅ መጥቼ ሰምቼህ ነበር" አሉኝ። በላብ ተጠመቅኩ። "ነኝ እናቴ። እርስዎስ ምን ሆነው ነው?" አልኳቸው። ዙሪያቸውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እኔም በምኖርበት ከተማ፣ በገዘር ቸርች፣ መስክሬ ነው። እዚያ እንዳልታከም ሁሉም ያውቀኛል፤ በሚኒባስ እዚህ መጣሁ" አሉ። ሁለታችንም ሳቅ አመለጠን።

ሐኪሙ መርምሮኝ "ምትህ ደህና ነው" አለኝ። "ታዲያ ለምንድነው የማለቅሰው?" አልኩት። "ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ ከጭንቀትም ሊሆን ይችላል፤ ገና እናጣራለን። በራስህ ግን እንዳታቋርጠው" አለኝ። ደህና ልሁን ልታመም ሳይገባኝ ወጣሁ።

እናትየውም ከሌላው ክፍል ታይተው ሲወጡ "ምን አሉህ?" አሉኝ።

"አላወቁትም።"

"የእኔንም አላወቁትም። በል፣ አላየሁህም፣ አላየኸኝም" አሉና ወዲያው ስልክ ቁጥሬን ጠየቁኝ።