ከቀፎው ሥር የተጠረገው አመድ

ከሐሙሲት ወደ ወረታ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ አጠገቡ ላሉት የማያውቃቸው አዛውንት ሴት ንዴቱን ሲዘረግፍ ሰማሁ።

«ሚስቴ ንቤን አባረረችብኝ፣ እናቴ።»

«በምን አባረረችው?»

«በመጥረጊያ። የሚካኤል እንግዳ ይመጣል ብላ ግቢውን ስትጠርግ፣ ከቀፎው ቆጥ እግር ዙሪያ የነሰነስኩትን አመድ ሙልጭ አድርጋ አነሳችው። ጉንዳን አመድ አይሻገርም ነበር። አመዱ ሲጠፋ ጉንዳኑ ወጣና የንቡን እጭ ፈጀው፤ ንቡም ቀፎውን ጥሎ ኮበለለ።»

«ውይ፣ ያሳዝናል። አመዱ ለምን እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

«ከየት አውቃ? ንብ የወንድ ሥራ ነው። ወደ ቀፎው ድርሽ እንዳትይ ብያታለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ጠረገችው?»

«ያን ቀን ደፈረች። እንግዳ ቆሻሻ ግቢ አያይብኝም አለች።»

«አመዱንስ ከየት ነው የምታመጣው?»

«ከምድጃዋ ነዋ።»

«ለምን እንደምትወስደው ጠይቃህ አታውቅም?»

«ጠይቃኛለች። አያገባሽም አልኳት።»

«አየህ፣ በእሷ አመድ ቀፎህን ስትጠብቅ ኖረህ አሁን በመጥረጊያዋ ትከሳታለህ። እኔ ብሆን አመዱንም አልሰጥህ።»

«እርስዎም ከእሷ ወገን ሆኑ?»

«እኔስ ከንቡ ወገን ነኝ። ጠባቂው ሁለት ሊሆንለት ሲችል አንዷን አንተ ከለከልከው።»

እኔም ከሐሙሲት የገዛሁትን አዲስ መጥረጊያ ከጭኔ ላይ አንስቼ ቀስ ብዬ ከወንበሩ ሥር አስገባሁት።