የተቆረጠው ፀጉር የት ይገባል?

ከኧርቪንግ ከተማ በተሳፈርንበት ባቡር አንዲት ሻሽ ያሰሩ እናት አጠገባቸው የተቀመጠችውን የፀጉር ሥራ ተማሪ ይጠይቃሉ።

«የተቆረጠውን ፀጉር ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ቀጣዩ ሰው ሳይቀመጥ ጠርገን ክዳን ያለው የቆሻሻ ጋርቤጅ ውስጥ እንከተዋለን፣ እማማ።»

«ማበጠሪያውስ?»

«ታጥቦ መድኃኒት ውስጥ ይነከራል። ሕግ ነው።»

«አሃ! ፈረንጆቹም መተት ይፈራሉ በይኛ።»

«ኧረ እማማ! በሽታ እንዳይተላለፍ ነው።»

«እኔ እንኳ ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ መተት አልፈራም። ራሴን ግን እያሳከከኝ ተቸግሬያለሁ።»

«ሶ፣ ትምህርት ቤታችን ይምጡ። ፎረፎር እንደሆነ አይቼ፣ የፀጉርዎንም ጫፍ ልቁረጥልዎት።»

«የኔን በፌስታል ቋጥረሽ ትሰጪኛለሽ?»

«ኦኬ፣ ግን ምን ያደርጉበታል?»

«ምንም። እኔው ጋ ይሁን ብቻ።»

ትናንት ስቆረጥ ወንበሩ ሥር ጥዬው የመጣሁትን ፀጉሬን ማን ጠርጎት ይሆን እያልኩ መውረጃዬን አለፍኩ።