የመጨረሻዋን መስመር ያላነበበው ጠጋኝ

የዚያን ሱቅ ደጅ ዳግመኛ ላልረግጥ ምዬ ነበር። ምን ይደረግ፣ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝና ሌላ መጠለያ ሳጣ ማዕዘኑ ላይ ካለችው የስልክና የኮምፒውተር መጠገኛ ዘው ብዬ ገባሁ።

ባለ ሱቁን ሰፈሩ ሁሉ «ፎርማት» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ስልክ ቢንቀራፈፍ፣ ኮምፒውተር አልነሣ ቢል፣ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ማጥፋትና እንደ አዲስ መጀመር። ባለፈው ዓመት የእኔንም ስልክ «አጸዳሁልዎ፣ መምህር» ብሎ ከነሠርጌ ፎቶ ባዶ አድርጎ አስረክቦኛል። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ ብዙ ደንቆሮ ችዬ አሳልፌአለሁ፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ አልዋጥልህ ብሎኛል።

ስገባ ጠብ ላይ ደረስኩ። መደርደሪያውን ተደግፋ አንዲት ወጣት ቆማለች። የባለ ሱቁ የእህት ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ተምራለች። ከኋላዋ አግዳሚው ላይ እናቷ፣ የባለ ሱቁ ታላቅ እህት፣ አንገታቸውን በሻሽ ሸፍነው ተቀምጠዋል።

እኚህን ሴት የማያውቅ የለም። በጩኸታቸው ብቻ ሌባ ያባረሩ፣ የተጣላ ባልና ሚስት በግድ ያስታረቁ ሴት ነበሩ። ጉሮሯቸው ታሞ ሐኪሞች የድምፅ ሳጥናቸውን ካወጡላቸው ወዲህ ግን ትንፍሽ አይሉም። ልጃቸው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ድምፃቸውን ቀድታ ሳሙና በምታህል ትንሽ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባችላቸው። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑ «ውሃ ስጡኝ»፣ ሌላውን ሲጫኑ «በሩን ዝጉ» እያለች በገዛ ድምፃቸው ትናገርላቸዋለች። ልጅቱ የሚጠቅም የሚጠቅመውን ብቻ ይቅዱ ብትላቸው፣ ግማሹን ቁልፍ በቁጣ ቃላት ሞሉት አሉ። አሁን ያቺ ኮምፒውተር ሽቦዋ ተዘርግፎ መደርደሪያው ላይ ዲዳ ሆና ተጋድማለች።

«ነገር አታብዢ» አለ ባለ ሱቁ። «ሚሞሪ ካርዱን ፎርማት አድርጌ አዲስ ሲስተም እጭንበታለሁ። ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።»

«አጎቴ፣ የእናቴ ድምፅ እኮ ያለው ካርዱ ላይ ነው!»

«ቅጂ የለሽም እንዴ?»

«ቅጂውማ ላፕቶፔ ላይ ነበር» አለች። «በክረምት ‹ማራገቢያው ይጮኻል› ብዬ ባመጣሁልዎ ጊዜ ፎርማት አድርገው መለሱልኝ!»

ደሜ ፈላ። «ማራገቢያ ሲጮኽ ፋይል ይጠፋል? የጎረቤት ውሻ ሲጮኽስ ምን ያጠፋሉ?» አልኩት።

«መምህር፣ እርስዎ ዝናብ ያስገባዎ እንግዳ ነዎት። እንደ እንግዳ አረፍ ይበሉ።»

«አላርፍም!» ብዬ ቆምኩ።

ልጅቱ እንደ ምንም ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ነገሩን አስረዳች። ትናንት ማሽኗ ፕሮግራሞቿን ስታድስ መብራት ጠፋ። ድምፅ የሚያወጣው ፕሮግራም ደግሞ ብቻውን አይሠራም፤ ላይብረሪ የሚባል፣ ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡት አጋዥ አለው። እሱ ግማሽ ላይ ተቆርጦ ቀረ። ከኢንተርኔት አውርዶ እንደገና መጫን ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

«እሱንማ ከጠዋት ጀምሮ ስጭን ስጭን ጣቴ ዛለ» አለ አጎቷ። «እምቢ አለ። ቀይ በቀይ ጽሑፍ ይተፋብኛል።»

«ምን የሚል ጽሑፍ?»

«ምን የሚል ትይኛለሽ? ቀይ ነዋ! ቀይ ከሆነ እምቢ ማለቱ ነው።»

«አላነበቡትም ማለት ነው።»

«አጠፋሁትና ደግሜ ጫንኩ። ደግሞ ሲመጣ ደግሜ አጠፋሁ።»

አንባቢዬ፣ ይህን የሰማሁት በጆሮዬ ነው። በሽተኛ «እዚህ ጋ ያመኛል» ሲል አፉን ይዞ «ዝም በል፣ እያከምኩህ ነው» የሚል ሐኪም ቢያጋጥምህ ምን ትለዋለህ? እኛ ግን እንዲህ ያለውን ሰው «እጁ ፈጣን ነው» ብለን ዕቃችንን ተሸክመንለት እንሄዳለን።

ባለ ሱቁም ተቆጣ። ሐቅ ለመናገር፣ ቁጣው ባዶ አልነበረም።

«ስሚኝ ልጄ። አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አስተማሪ እያስረዳሽ ነው የተማርሽው። እኔ ሰዓት ሠሪ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ማየት ሲጀምር እንጀራዬ ተዘጋ። በስተርጅና፣ ማንም ሳያሳየኝ፣ እየወደቅኩ እየተነሣሁ ነው ይህን ሥራ የያዝኩት። ይህን ሁሉ እንግሊዝኛ ተቀምጬ ሳነብ ደንበኛው ይጠብቀኛል? ፎርማት ሳደርገው ደግሞ ይሠራል። የሠራ ነገር ምን ያስነቅፈዋል?»

«ባዶው ነው የሚሠራው፣ አጎቴ! ሰው ለቀፎው ብሎ አይደለም እርስዎ ጋ የሚመጣው፣ ውስጡ ላለው ነው።»

«ምንም አይመጣም፣ ሌላ ትቀጃለሽ...» ብሎ ጀመረና አፉ ላይ ቀረ። ከየት ነው የምትቀዳው? ይህን ግን ካሰበ በኋላም አልተመለሰም። እልህ የያዘው ሰው ነውና ማሽኗን አጠፋ፤ ጥፍር የምታህለውን ካርድ ሊነቅል እጁን ሰደደ።

ያን ጊዜ እናትየው ተነሡ። መዳፋቸውን በኮምፒውተሯ ላይ ጧ አድርገው ጫኑ። አፋቸውን ከፍተው ጮኹ፤ የጮኹት ግን ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ወጣ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሯል፣ ሻሹ ይርገበገባል፤ ድምፅ የለም። ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያ ያለ ቁጣ አይቼ አላውቅም። ወንድማቸው ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አጎቴ፣ ሰዓት ሲቆምብዎ የሆዱን ዕቃ ዘርግፈው ይጥሉት ነበር?»

«ምን በወጣኝ!» አለ፣ ሙያው ተነክቶበት። «ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ አዳምጠዋለሁ እንጂ። የቱ ጥርስ እንደ ሳተ ራሱ ይነግረኛል።»

«ይቺም እየነገረችዎ ነው። እርስዎ ጆሮ ነፈጓት።»

ባለ ሱቁ ማሽኗን መልሶ አበራ፤ እህቱ መዳፋቸውን ያነሡት ካርዱ ከቦታው እንዳልተነቀለ አጎንብሰው ካዩ በኋላ ነው። ላይብረሪውን ደግማ እንድትጭን ማሽኗን አዘዛት። ቀዩ ጽሑፍ እንደ ልማዱ መጣ። ጣቱ ሊያጠፋው ሲሄድ በራሱ ጊዜ ቆመ።

«ከላይ አይጀምሩ» አለችው። «ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከታች ነው ያለው። የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ያንብቡልኝ።»

መነጽሩን አደረገ። ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ እየተንተባተበ አነበበ። «ሰርተፊኬት... ማረጋገጫው... ገና ነው ይላል። የሚጸናበት ቀን አልደረሰም።» ግንባሩን ቋጠረ። «የምን ቀን?»

«ላይብረሪው ያለበት ቦታ መታወቂያ ያሳያታል፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ የጸና ነው የሚል። እሷ ደግሞ እንደ ጠንቃቃ ዘበኛ ‹ቀኑ ገና ነው፣ አታታልለኝ› ብላ ትመልሰዋለች።»

የድሮው ሰዓት ሠሪ በድንገት ቀና አለ። «ቆይ! እሷ ዛሬን ስንት ነው የምትለው?»

ልጅቱ ቀኑን ስክሪኑ ላይ አወጣችው። ሁላችንም አጎንብሰን አየን። ማሽኗ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያለ ዓመት ላይ ቆማለች።

«በእሷ ቤት» አለች ልጅቱ፣ «እናቴ ገና አልታመመችም።»

«ሰዓቷን የሚያስቀጥል ባትሪ የላትም?»

«የላትም። መብራት ሲጠፋ ቀን ይምታታባታል፤ ከኢንተርኔት ጠይቃ ነው የምታስተካክለው። የእርስዎ ሱቅ የኢንተርኔት መስመር ደግሞ ያን ቀን መጠየቂያ በር ዘግቶባታል።»

«ሰዓት የሌለው ማሽን ይሠራል እንዴ? ምን ዓይነት ባለሙያ ነው የሠራት!» ብሎ በማያውቀው ሰው ላይ ጦፈ። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለውና ቀዘቀዘ። «እና... አዲስ ሲስተም ብጭንባትስ ኖሮ?»

«እሱም ባትሪ አያበቅልም። እዚሁ ሱቅ፣ በዚሁ መስመር፣ ያው ቀይ ጽሑፍ ይመጣ ነበር። ድምፁ ይጠፋል፣ ችግሩ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወደ እኔ ዞሮ «መምህር፣ ስንቱን በከንቱ አጥፍቼ ይሆን?» አለኝ።

አላጽናናሁትም። «እኔ የማውቀው የሠርጌን ፎቶ ነው» አልኩት። «ሌላውን የሰፈሩን ሰው ይጠይቁ።»

ቀኑን ሊያስተካክል እጁን ሲሰድ እህቱ ጣታቸውን አነሡ። ገባው። «ልክ ነሽ፣ መጀመሪያ ቅጂ» አለና ማሽኗን አጥፍቶ ካርዱን በሁለት ጣቱ፣ ትንፋሹን ይዞ አወጣው። ድምፁን አንድ ጊዜ በራሱ ኮምፒውተር፣ አንድ ጊዜ ለልጅቱ በሰጣት ፍላሽ ላይ ቀዳ። ሁለቱንም ከፍቶ ካረጋገጠ በኋላ ነው ካርዱን መልሶ ቀኑን ያስተካከለው። ላይብረሪው ሲወርድ አራታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። ቀይ አልመጣም።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለአንድ ሱቅ ብዬ አይደለም። የማያነብ እጅ ስንት ቤት ገብቷል! የመጨረሻዋን መስመር ማንበብ ግማሽ ቀን ከሚፈጅ ድካም ያድናል። አስቀድሞ መቅዳት ደግሞ የማይተካውን ያተርፋል፤ የተሳሳተም ሰው ወደ ነበረበት መመለሻ ይኖረዋል። ጠጋኙም ቢሆን ይጠቀማል፤ የበሽታውን ምክንያት ያገኘ ሰው ነገ ያው በሽታ ሲመጣበት አይደናገርም፣ ደንበኛውም እንደ እኔ ደጁን ላልረግጥ ብሎ አይምልበትም። አላውቅም ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ እየተነገረህ አለመስማት ነው። አሁን ያ ሰው ዕቃ ስታስረክበው አስቀድሞ «ውስጡ ምን አለ? ቅጂ አለዎት?» ይላል፤ ቀይ ጽሑፍ ሲያይም መነጽሩን ይፈልጋል። ሰፈሩ ግን ዛሬም «ፎርማት» ነው የሚለው፤ እኔም ጭምር።

የዚያን ቀን ነገር ልጨርስ። ልጅቱ የቁልፍ ሰሌዳውን አቀበለቻቸው። እናትየው ውሃ አልጠየቁም፣ በሩንም ዝጉ አላሉም። ቁልፎቹን በዓይናቸው ፈልገው፣ ወንድማቸውን ትክ ብለው እያዩ አንዱን ተጫኑ።

«አንተ ልጅ፣ አሁንስ አበዛኸው!»

ሱቁ ተናወጠ። ሌባ ያባረረው ያው ድምፅ ነው። ፀጉሩ የሸበተው ሰውዬ ደነገጠ፤ እንደ ሕፃን ትከሻውን ሰበሰበ፤ ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ልክ ነሽ እትዬ» አለ። «እስቲ ደግመሽ ተቆጪኝ።»

ደግመው ተቆጡት።