የቅዱስ ኦላፍ ጉንጭ

የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ሽማግሌው ሃልቮር ሰኞ ጠዋት መጥረጊያውን ይዞ ሲገባ፣ አንዲት ወጣት ከመሠዊያው ሥር ተንበርክካ አገኘ። አውቶቡስ አምልጧት ከነፋሱ ልትጠለል መግባቷን ነገረችው። ስሟ ቱሪድ ነው፤ ሙያዋም የቆዩ ሥዕሎችን መጠገን።

«አባባ፣ ትናንት እዚህ ስንት ዲግሪ ነበር?»

«ሃያ ሁለት!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እሑድ ጎህ ሲቀድ ምድጃውን አነድዳለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ካፖርት ለብሶ የዘመረ የለም። የማዶው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ነው የሚዘምሩት።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ማን አለና? ለባዶ ወንበር እንጨት ልማግድ?»

«ቅዱስ ኦላፍ አለ፤» አለች፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ወደተሳለው ንጉሥ እያመለከተች።

ሃልቮር ሳቀ። «እሱ እንኳ ሰባት መቶ ክረምት ችሏል፤ አብዛኛውን ያለ ምድጃ!»

«ልክ ነዎት፤ የጎዳውም ብርዱ አይደለም። እሑድ በድንገት ሲሞቅ አየሩ ይደርቃል፤ የደረቀ አየር የእንጨቱን እርጥበት ይመጥጣል። እንጨቱ ሲኮማተር ቀለሙ አብሮ መኮማተር አይችልም፤ ይላቀቃል። ጉንጩን ይዩት። የረገፈው የት ገባ?»

«አይጥ በልቶት ይሆናላ፤» አለ ሃልቮር። ጆሮው ግን ጋለ።

ሰው በሌላው ጥፋት ሲወቀስ ይቆጣል፤ በሚኮራበት ሥራው ሲያዝ ግን የሚገባበት ይጠፋዋል። ሃልቮር ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ፤ አሮጌ የትምባሆ ቆርቆሮም አምጥቶ አሳያት። በውስጡ ሰማያዊና ቀይ የቀለም ቅርፊት ሞልቷል።

«በየሰኞው ነው የምጠርገው። መጀመሪያ አቧራ መስሎኝ ነበር። የኦላፍን ካባ ሰማያዊ ቀለም ሳውቀው ግን... ለማንም አልተናገርኩም። ምድጃውን አጥፋ እንዳይሉኝ ፈራሁ።»

ቱሪድ አልተቆጣችም፤ ይህም ባሰበት።

«ስላልጣሉት ብዙው ይመለሳል። ስለ ጉንጩ ግን ቃል አልገባም።»

«እሑድ እሑድ የምትመጣው አሮጊቷ ጉድቬግ ዘጠና ሞልቷታል፤ ትንቀጥቀጥ ነው የምትይኝ፣ ልጄ?»

«ሰዎቹን ያሙቁ እንጂ አዳራሹን በአንዴ አያግሉት። ወንበሩ ላይ የበግ አጎዛ ያንጥፉ፤ ብርድ ልብስ ያድሉ። ሳምንቱን ሙሉ ዝቅ ያለ፣ የማይለዋወጥ ሙቀት ይኑር፤ ለእሑድ በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ አይጨምሩ። ቀለሙ ይረጋል፣ ኦርጋኑ ቅኝቱን አይስትም፣ እንጨትዎም ይበረክታል።»

በቀጣዩ እሑድ ሃልቮር በር ላይ ቆሞ አጎዛ አደለ።

«ምነው ሃልቮር፣» አለች ጉድቬግ፣ «እንጨት አለቀብህ?»

አዎ ብሎ መገላገል ይችል ነበር። ግን ቆርቆሮውን ከኪሱ አወጣና በሁሉም ፊት ከፈተው።

«አላለቀም። የኦላፍን ፊት ያረገፍኩት እኔ ነኝ፤ እያወቅሁም ዝም ብያለሁ።»

ጉድቬግ ጎንበስ ብላ ቆርቆሮውን አየችው። ከዚያ የካፖርቷን ቁልፎች እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈችና፣ አጎዛዋን ታቅፋ ገባች።