የሸጊቱ መቃብር

ውጫሌ፣ ከቀትር በኋላ፤ ከስድስት ዓመት በፊት ከቤይሩት በልጇ ስም የመጣ የታሸገ ሣጥን የቀበረችው ወይዘሮ ዘነቡ፣ ከዘጠኝ ቀን በፊት ስሪላንካዊ ባል፣ ኒማልን፣ አግብታ በሕይወት ከመጣችው ከዚያችው ልጇ ከሸጊቱ ጋር በረንዳ ላይ ምስር ትለቅማለች።

ሸጊቱ፦ እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ብድግ ብለሽ «አማቼ ነው» በይልኝ። ሌላ ምንም አላስቸግርሽም።

ዘነቡ፦ የማን ባል ነው ልበል?

ሸጊቱ፦ የማን ይሆናል፣ «የልጄ» በያ።

ዘነቡ፦ ልጄንማ ራሱ እድሩ ነው የቀበረልኝ። ድንኳን ጥሎ፣ ሣጥን ተሸክሞ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አስተዛዝኖ። አሁን ተነሥቼ «ያቺ የቀበራችኋት አግብታ መጣች» ልበላቸው?

ሸጊቱ፦ አይተውኝ የለም እንዴ? ቄሱም ጠበል ረጩብኝ፤ አልጠፋሁም።

ዘነቡ፦ የእድሩ ጸሐፊ ግን ጨንቆታል። ስምሽን በቀይ ሰርዞታል። «የሞተ መሰረዝ እንጂ የተነሣ መመዝገብ ማንም አላስተማረኝም» ይላል።

ሸጊቱ፦ እኔን ይተወኝ፤ ኒማልን ይመዝግብልኝ። እድር የሌለው ሰው እዚህ አገር ሰው አይባልም።

ዘነቡ፦ እሱንስ ምን ብሎ? ልጆቹ እንኳ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠፍቷቸዋል። ፈረንጅ እንዳይሉት ጠቁሯል፣ ሐበሻ እንዳይሉት አፉ አልፈታም።

ሸጊቱ፦ በርበሬውን ከእኔ አብልጦ ይበላል። ሌላውን ይለምደዋል።

ዘነቡ፦ እሱ ቢለምድ አገሩ አልለመደሽም። ትናንት ገበያ ጥሩአየር ቲማቲሙን መሬት አስቀምጣ «ራስሽ አንሺው» አለችሽ አሉ።

ሸጊቱ፦ እጄ የቀዘቀዘ መስሏት ይሆናል።

ዘነቡ፦ አትፍረጂባት። እኔ የወለድኩሽ እንኳ ስትተኚ ጎንበስ ብዬ ትንፋሽሽን አዳምጣለሁ።

ሸጊቱ፦ አውቃለሁ። እንድትሰሚኝ ብዬ ጮክ አድርጌ ነው የምተነፍሰው።

ዘነቡ፦ ምስሩን እያየሽ ልቀሚ። ጠጠሩን መልሰሽ እየጨመርሽው ነው።

ሸጊቱ፦ ይኼን ጥቁር ልብስስ? ልጅሽ ፊትሽ ቁጭ ብላ አታወልቂውም?

ዘነቡ፦ እኔ ያወለቅኩ ለት ያቺን ማን ያለቅስላታል?

ሸጊቱ፦ የማታውቂያትን?

ዘነቡ፦ ስድስት ዓመት ያለቀስኩላትን አታውቂያትም ትይኛለሽ? ራሴን የተላጨሁት ለእሷ፣ ፊቴን የነጨሁት ለእሷ። ክፈቱልኝ ልያት ብዬ ሣጥኑ ላይ ወድቄ ነበር። «ታሽጓል፣ አይከፈትም» አሉኝ። ደግሞ እሷ አንድ ቀን አላስከፋችኝም።

ሸጊቱ፦ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። እኔማ ምን አንገት አለኝ፤ በእግሬ መጣሁ።

ዘነቡ፦ መምጣቱንስ እሰይ መጣሽ። ግን ይኼ ሰውዬ ምን ሠርቶ ይበላል?

ሸጊቱ፦ ልብስ ሰፊ ነው። የጎረቤቱን ቀሚስ ሲያጠብ ሲያሰፋ ይላመዳል።

ዘነቡ፦ ቀሚሷን የምትሰጠው ማን ናት? የት እንደሚውል አገሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን የት ነው?

ሸጊቱ፦ ወጣ ብሎ ይሆናል።

ዘነቡ፦ መቃብሩ ጋ ነው። ጫማውን አውልቆ፣ አረሙን ነቅሎ፣ ድንጋዩን በውኃ አጥቦ ቁጭ። ሰው ምን ይበል? ባል የሚስቱን መቃብር ይጠብቃል፣ ሚስት ገበያ ቲማቲም ትመርጣለች።

ሸጊቱ፦ ትስቂያለሽ እንዴ?

ዘነቡ፦ ካልሳቅኩበት በምን እችለዋለሁ?

ሸጊቱ፦ ልጅ ሳለ እናቱን ባሕር ነው የወሰደበት። ማዕበል ሰፈሩን ጠራርጎት ሲሄድ። አልተገኘችም፣ አልቀበራትም። መቃብር ሲያይ ሆዱ አይችልለትም።

ዘነቡ፦ ይኼን የነገረኝ የለም።

ሸጊቱ፦ ስለ እሱ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?

ዘነቡ፦ እሺ፣ እንግዲያው ልጠይቅሽ። ትናንት ተከትዬው ሄድኩ። ከጥዱ ጀርባ ቆሜ አየሁት። ድንጋዩን እየዳበሰ ስም ይጠራል። ያንቺን አይደለም።

ሸጊቱ፦ በቋንቋው የሚለው ነገር ይኖራል።

ዘነቡ፦ «ትርንጎ፣ ትርንጎ» ይላል። ውኃ ስጡኝ ማለት እንኳ ገና ያልለመደ ሰው ይኼን ስም ከማን አገኘው?

ሸጊቱ፦ እማዬ፣ ተይኝ።

ዘነቡ፦ ከማን አገኘው?

ሸጊቱ፦ ከእኔ።

ዘነቡ፦ ታውቂያታለሽ ማለት ነዋ።

ሸጊቱ፦ ባንድ አውሮፕላን ነው የሄድነው። የመርሳ ከተማ ልጅ ናት። ከአሠሪዎቿ አምልጣ መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ወረቀት የላት፣ መጠጊያ የላት።

ዘነቡ፦ ከዚያስ?

ሸጊቱ፦ እኔ ከምሠራላት ሴትዮ ቤት መውጣት ብቻ ነበር የምፈልገው። ደላላው «ምትክ አምጪና ሂጂ» አለኝ። ትርንጎን አመጣሁ። በእኔ ፓስፖርት፣ በእኔ ስም ገባች።

ዘነቡ፦ ሴትዮዋ ክፉ መሆኗን ነግረሻታል?

ሸጊቱ፦ ደግ ናት አልኳት።

ዘነቡ፦ አዬ ልጄ።

ሸጊቱ፦ በአራተኛ ወሯ ከፎቅ ወደቀች አሉ። ትውደቅ፣ ትጣል፣ እኔ አላየሁም። ሬሳዋ በእኔ ስም መላኩን ስሰማ ደወልኩልሽ። እያለቀስሽ አነሣሽው። አለሁ ብልሽ፣ የሞተችዋስ ማናት ትይኛለሽ። ዘጋሁት።

ዘነቡ፦ በአርባዋ ነው የተደወለው። ትንፋሽ ብቻ ነበር። ልጄ ናት የደወለችው፣ ከዚያኛው ዓለም፣ ብዬ ነው ስድስት ዓመት የኖርኩት። እብድ እንዳይሉኝ ለማንም አላወራሁም።

ሸጊቱ፦ ይቅር በይኝ።

ዘነቡ፦ የእኔን ተዪው። እናት አላት?

ሸጊቱ፦ አለቻት። አንድ ለእናቷ ናት። እስካሁን ትደውልልኛለች ብላ ትጠብቃለች አሉ።

ዘነቡ፦ መርሳ እኮ በመኪና ሰዓት አይሞላም። ስንት ጊዜ ገበያዋ ወርጃለሁ። አጠገቧ ቆሜ ሽንኩርት ገዝቼ ይሆናል፣ የእሷን ሐዘን እኔ ለብሼ።

ሸጊቱ፦ ሆድ ይፍጀው፣ እማዬ። ብንናገር ዐፅሟን ሊወስዱ ይመጣሉ። እኔንም ነፍሰ ገዳይ ይሉኛል። የነፍሰ ገዳይ ባል ማን ያስጠጋዋል?

ዘነቡ፦ እሱ ሁሉንም ያውቃል?

ሸጊቱ፦ ከነገርኩት ዓመት ሆነው። እኔ ወደ አገርህ ውሰደኝ ብዬው ነበር፤ ከሁሉም እንድርቅ። እምቢ አለ። «መጀመሪያ እሷ ስሟን ታግኝ» አለኝ። እዚህ ሰው ሁሉ ባሏን አመጣች ይላል። እሱ ነው እኔን ያመጣኝ።

ዘነቡ፦ አንቺ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዝም አልሽ።

ሸጊቱ፦ ዛሬ ነገ እያልኩ። እሱም ከመቃብሩ ሲመለስ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ዘነቡ፦ ነገ ሽማግሌ ይዘሽ መርሳ ትወርጃለሽ። መርዶ በማለዳ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ እናቷ በር ላይ ድረሱ።

ሸጊቱ፦ ብታንቀኝስ?

ዘነቡ፦ ታንቅሽ። ያረዳኝን ሰው እኔም ቧጥጬዋለሁ።

ሸጊቱ፦ አብረሽኝ አትመጪም?

ዘነቡ፦ እኔ እዚሁ እጠብቃታለሁ። የልጇን መቃብር የማሳያት እኔ ነኝ።

ሸጊቱ፦ ኒማልስ?

ዘነቡ፦ እሱ ከእኔ ጋር ይቆያል። እሑድ እድሩ ፊት ብድግ ብዬ «ይኼ ልጄ ነው» እላለሁ። አንቺን ምን ብዬ እንደምጠራሽ ግን ከመርሳ ስትመለሺ እነግርሻለሁ።